ሪፖው በማን ስም ይሁን? ከሄሉ ሆኖ የግል ኮድን ለባልደረቦች መክፈት

አንድን ሰው ወደ ግል የኮድ ማከማቻችሁ፣ ፕሮግራመሮች ሪፖ ወደሚሉት፣ መጋበዝ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዩዘርኔሙን ትጽፋላችሁ፣ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ እሱም ኢሜይሉን ከፍቶ ይቀበላል። ነገር የሚበላሸው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። ድንበር ላይ ደግሞ የሚበላሽበት መንገድ ይበዛል።

ለምሳሌ በሽልንግም በብርም የሚያሰላ የሱቅ ሒሳብ መያዣ ፕሮግራም አብራችሁ ትሠራላችሁ እንበል። አንዱ በኬንያዋ ሞያሌ በኩል ሄሉ ነው፣ አንዷ ማዶ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ፣ አንዱ ናይሮቢ፣ ሌላዋ አዲስ አበባ። ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ከቪዛ ጋር ግሎባልፔይ የተባለውን ቨርቹዋል ካርድ ካወጣ ወዲህ ሄሉ ያለው ልጅ ለውጭ አገልግሎት ከስልኩ መክፈል ይችላል። ማዶ ላለችው ጓደኛው ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብሎ የወሰነ ሰው ሳይኖር ሪፖው በሄሉው ልጅ አካውንት ይከፈታል፣ ሰርቨሩ በእሱ ካርድ ይከፈላል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ በእሱ ስልክ ይገባል። ስልኩ የጠፋ ወይም እርስ በርስ የተኳረፋችሁ ቀን አራታችሁም ሥራ ፈታችሁ።

በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ጊትሃብን ነው፤ ብዙ ሰው ያለው እዚያ ነው። የግል ሪፖ ገንዘብ ያስከፍላል የሚል የቆየ ምክር ከሰማችሁ እርሱት። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 እስከ ሦስት ባልደረባ ድረስ ነጻ ሆነ፤ በሚያዝያ 2020 ደግሞ የሰው ቁጥር ገደቡም ተነሣ። ጊትላብና ቢትባኬት ላይ ነጻው አገልግሎት ለግል ሥራ በአምስት ሰው የተገደበ ነው። ትንሽ ቡድን ከሆናችሁ ያም ይበቃል፤ ጊትላብ እንዲያውም ወደኋላ የማነሣው አንድ ጥሩ ነገር አለው።

መጀመሪያ ባለቤቱን ወስኑ

ጊትሃብ ላይ ሪፖ በሁለት ዓይነት ስም ሊመዘገብ ይችላል፦ በአንድ ሰው የግል አካውንት ወይም ኦርጋናይዜሽን በሚባለው የጋራ አካውንት። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም።

በግል አካውንት ስር ያለ ሪፖ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ባለቤትና ባልደረባ። ባልደረባ የሆነ ሁሉ ኮዱን ያያል፣ ይጽፋል፣ የሌላውን ሥራ ወደ ዋናው ያዋህዳል። ሪፖውን ማጥፋት፣ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ወይም ሌላ ሰው መጋበዝ አይችልም። ለማየት ብቻ የሚባል ፈቃድ ግን እዚህ የለም። አንድ ደንበኛ ወይም አንድ አስተማሪ ኮዱን እንዲያይላችሁ ብቻ ብትጋብዙት መጻፍም ይችላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከጋበዘ በኋላ ነው።

ኦርጋናይዜሽን ላይ ፈቃዱ ይከፋፈላል፦ ማየት፣ መጻፍ፣ ማስተዳደር፤ በመካከላቸውም ትሪያጅና ሜንቴይን የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። ለአራት ሰው ሦስቱ ይበቃሉ። መክፈቱም ነጻ ነው።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ለልምምድ የምትሠሩት ከሆነ በግል አካውንት ይሁን፣ አታካብዱ። ነገር ግን ገና አንድ ባለሱቅ እንኳ ፕሮግራሙን ሊጠቀምበት ከሆነ፣ ወይም አንድ ሽልንግ ሊገኝበት ከሆነ፣ ዛሬውኑ ኦርጋናይዜሽን ክፈቱ። ከከፈታችሁ በኋላ ሦስት ነገር አስተካክሉ።

ባለቤት፣ ማለትም ኦውነር፣ ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ከሄሉ፣ አንዷ ከማዶ። አንድ ብቻ ከሆነ ከግል አካውንት ምን ለየው? ከሁለት በላይ ደግሞ አያስፈልግም፤ ኦውነር ሁሉን ማጥፋት ይችላልና።

ካርዱን የያዘው ሰው ኦውነር መሆን የለበትም። ጊትሃብ ቢሊንግ ማናጀር የሚባል ለብቻው የቆመ ኃላፊነት አለው፤ ክፍያውን ያያል፣ ካርዱን ያስገባል፣ ኮዱን ግን አይነካም። ከፋዩ ሳይታሰብ ባለቤት የሚሆንበትን በር የሚዘጋው ይህ ነው።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። ኦርጋናይዜሽን ሲከፈት አባል የሆነ ሰው በውስጡ ያሉትን ሪፖዎች በሙሉ እንዲያይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። በኦርጋናይዜሽኑ ሴቲንግስ ውስጥ ሜምበር ፕሪቪሌጅስ የሚለውን ክፈቱና ቤዝ ፐርሚሽንስ የሚለውን ወደ ኖ ፐርሚሽን ቀይሩት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው በየሪፖው ትሰጣላችሁ።

ሪፖው ቀድሞውኑ በአንዱ ሰው አካውንት ካለ ችግር የለም። በሪፖው ሴቲንግስ ከታች በቀይ የተከበበ ክፍል አለ፤ ትራንስፈር የሚለውን ይዛችሁ ወደ ኦርጋናይዜሽኑ አዛውሩት። የድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ ይመራል። ካዛወራችሁ በኋላ የሰዎቹን ዝርዝር አንድ ጊዜ ዓይታችሁ አረጋግጡ።

ከመጋበዛችሁ በፊት ምሥጢር የሆነውን አውጡ

የግል ሪፖ ማለት የጋበዛችሁት ሰው ሁሉ የሚያነበው ማለት ነው፤ ዛሬ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጻፈውን በሙሉ። የድንበር ፕሮግራም ደግሞ ገንዘብ ይነካል። የሳፋሪኮምን ዳራጃ ተጠቅማችሁ የኤም ፔሳ ክፍያ የምትቀበሉ ከሆነ ኮንሲዩመር ኪይ፣ ኮንሲዩመር ሲክሬትና ፓስኪይ የሚባሉ ቁልፎች አሏችሁ። ከቴሌብር ጋር ካገናኛችሁትም እንዲሁ። እነዚህ ኮዱ ውስጥ ተጽፈው ከሆነ ባልደረባ ስትጋብዙ ካዝናውንም አብራችሁ ሰጣችሁ።

ቁልፎቹን ለብቻ ፋይል ውስጥ አድርጉ፤ በልማድ ዶት ኢንቭ የሚባለው ነው። የፋይሉንም ስም ጊት ኢግኖር በሚባለው ዝርዝር ላይ ጻፉት፤ ወደ ሪፖው እንዳይወጣ። አንድ ቀን ቀድሞ ወጥቶ ከነበረ ግን ፋይሉን መሰረዝ ምንም አይጠቅምም። ጊት፣ ጊትሃብ የቆመበት መሣሪያ፣ የድሮውን ሁሉ ይዞ ይቆያል፤ አንድ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ቁልፉን ያነበዋል። ታሪኩን በልዩ መሣሪያ ማጽዳት ይቻላል፤ አድካሚ ነው፣ ዋስትናም የለውም። ትክክለኛው መንገድ ቁልፉን ራሱን መቀየር ነው። አሮጌውን ሰርዙ፣ አዲስ አውጡ፣ ከዚያ ጋብዙ።

የባለሱቆቹ ስም፣ የስልክ ቁጥራቸውና የዱቤ ዝርዝራቸው ያለበት የዳታቤዝ ቅጂም ሪፖ ውስጥ ቦታ የለውም። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመረጃ ጥበቃ ሕግ አላት፤ ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። የእናንተ ሱቅ ነክ ፕሮግራም በሁለቱም ወገን ሰው ይመዘግባል። ለመሞከሪያ የፈጠራ ስምና ቁጥር ጻፉ፤ እውነተኛውን ሰርቨሩ ላይ ተዉት።

የእያንዳንዱ ሰው አካውንት

አንድ ሰው፣ አንድ አካውንት። ፓስወርድ ተካፍሎ በአንድ አካውንት መግባት ድንበር ላይ የተለመደ ነው፤ ላፕቶፑም ኢንተርኔቱም የጋራ ስለሚሆን። ግን ማን ምን እንደጻፈ አይታወቅም፣ አንዱን ሰው ብቻ ማስወጣትም አይቻልም። ሳይበር ቤት ገብታችሁ ከሆነ የምትሠሩት፣ ሳትወጡ ሳይን አውት ማድረግን አትርሱ፤ ከታች የማነሣውንም የኤስኤስኤች ቁልፍ እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ አትፍጠሩ።

ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ኮድ ለሚያዋጡ ሰዎች ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ደረጃ በደረጃ ግዴታ አድርጓል። ሁለተኛውን ደረጃ በኤስኤምኤስ አታድርጉት። ድንበር ላይ ስልክ አንዴ የኬንያን፣ አንዴ የኢትዮጵያን ኔትወርክ ይይዛል፤ አንዱ ሲም ላፕቶፑ አጠገብ፣ ሌላው ሲም መኪና ውስጥ ይቀራል። መልእክቱ ሲመጣ ቁጥሩ ጊዜው አልፎበታል። ይልቅ ኦተንቲኬተር የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑ። በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ቁጥር ያወጣል፤ ኢንተርኔትም ኔትወርክም አይፈልግም።

ግን ሰዓት ይፈልጋል። ስልካቸውን በእጃቸው ወደ ሐበሻ ሰዓት የሚያዞሩ ሰዎች አሉ፤ ጧት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩም ሁለት እንዲላቸው። ያ ስልክ ከእውነተኛው ሰዓት በስድስት ሰዓት ተዛብቷልና የሚያወጣው ቁጥር ተቀባይነት አያገኝም። ሰውየው ፓስወርዱን አሥር ጊዜ ይቀይራል፣ ጥፋቱ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ስልኩን ሰዓት በራሱ እንዲይዝ አድርጉት። ኬንያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ስላሉ ድንበር ብትሻገሩም አይለወጥም። (ስዋሂሊም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ስለሚቆጥር የናይሮቢው ባልደረባችሁ «ሳአ ምቢሊ» ሲላችሁ ያው የእናንተው የጧት ሁለት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ብቻ ነው ከሁላችሁም የሚለየው።)

ማረጋገጫውን ስታበሩ ሪከቨሪ ኮድስ የሚባል የቁጥርና የፊደል ዝርዝር ይሰጣችኋል። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡት። ስልኩ ሲሰረቅ ዋናው መመለሻ ይኸው ነው። በቴሌግራም ለራሳችሁ ልካችሁ ከሆነ፣ ቴሌግራሙም ያው ስልክ ላይ ነው።

ግብዣው

1. ከባልደረባችሁ ዩዘርኔሙን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በስልክ በቃል አይሁን። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ያ ስም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ የግል ኮዳችሁም ለማታውቁት ሰው ይከፈታል።

2. ሪፖውን ክፈቱ፣ ሴቲንግስ ግቡ፣ ከግራ በኩል ኮላቦሬተርስ የሚለውን ምረጡ። ኦርጋናይዜሽን ላይ ከሆናችሁ ኮላቦሬተርስ ኤንድ ቲምስ ይላል። ሴቲንግስ የሚለው ጨርሶ ካልታያችሁ ባለቤት አይደላችሁም ማለት ነው።

3. አድ ፒፕል ተጫኑ፣ ስሙን ጻፉ። የሚመጣውን ፎቶና ስም ዩዘርኔሙን ከላከላችሁ ሰው ጋር አመሳክሩ። በኢሜይልም መጋበዝ ይቻላል፤ ዩዘርኔሙ ይሻላል።

4. ኦርጋናይዜሽን ላይ ደረጃ ይጠይቃችኋል። አብሮ ለሚጽፍ ራይት፣ ለማየት ብቻ ለሚገባ ሪድ። ለአንድ ሥራ ብቻ የመጣን ሰው የኦርጋናይዜሽኑ አባል ሳታደርጉ በዚያች ሪፖ ላይ ብቻ መጨመር ትችላላችሁ፤ አውትሳይድ ኮላቦሬተር ይሉታል። አድሚን ለማንም አትስጡ፤ ከሁለቱ ባለቤቶች ውጪ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

5. ጋብዙና ወዲያው ደውሉለት። ግብዣው የሚቆየው 7 ቀን ብቻ ነው፤ ካለፈ እንደገና መላክ አለባችሁ።

ጊትላብን የምወድለት እዚህ ላይ ነው፤ አንድን ሰው ስትጨምሩ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን አብራችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ለሁለት ወር ለልምምድ የመጣ ተማሪ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይወጣል፤ ማንም «ውጣልን» ብሎ ፊት ለፊት መናገር አይጠበቅበትም። ጊትሃብ ላይ ያንን ቀን ራሳችሁ ካላንደር ላይ መያዝ አለባችሁ።

ተጋባዡ ጋ የሚያጋጥመው

«404 ይለኛል» የሚል ስልክ መምጣቱ አይቀርም። ሪፖው አልጠፋም። ጊትሃብ የግል ሪፖ መኖሩን እንኳ ለማይመለከተው ሰው መናገር ስለማይፈልግ «አልተፈቀደልህም» በማለት ፈንታ «እንዲህ ያለ ገጽ የለም» ይላል። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሰውየው ግብዣውን አልተቀበለም፣ በሌላ አካውንት ገብቷል፣ ወይም ጭራሽ አልገባም። ኢሜይሉ ካልደረሰው ስፓም ውስጥ ይፈልግ። እዚያም ካጣው በተጋበዘው አካውንት ጊትሃብ ላይ ይግባና የሪፖውን ሊንክ በቀጥታ ይክፈት፤ መጨረሻው ላይ ኢንቪቴሽንስ የሚለውን ቃል ቢጨምርበት ግብዣውን ያገኘዋል።

በድረ ገጹ ገብቶ ከላፕቶፑ ሲሞክር «ሪፖዚተሪ ኖት ፋውንድ» የሚለው ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው። ላፕቶፑ በውሰት የመጣ ወይም ሁለተኛ እጅ ከሆነ የቀድሞው ሰው አካውንት ተቀምጦበት ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ክሬዴንሻል ማናጀር ግቡ፣ ከጊትሃብ ጋር የተያያዘውን አጥፉ፣ እንደገና ሞክሩ።

ጊት ላፕቶፑ ላይ ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ የጊትሃብን ፓስወርድ ብትጽፉ አይቀበልም፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 13፣ 2021 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ወይ ቶክን ታወጣላችሁ፣ ወይ የኤስኤስኤች ቁልፍ ትፈጥራላችሁ። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ላፕቶፑ ላይ የቁልፍ ጥንድ ይፈጠራል፤ የሕዝብ የሚባለውን ግማሽ ገልብጣችሁ በራሳችሁ የጊትሃብ ሴቲንግስ ውስጥ ትለጥፋላችሁ፣ ሌላኛው ግማሽ ከላፕቶፑ አይወጣም፣ ለማንም አይላክም። ቁልፉን ስትፈጥሩ ፓስፍሬዝ ይጠይቃል፤ ባዶ አትተዉት። መሥራቱን ስትፈትሹ ጊትሃብ ዩዘርኔማችሁን ጠርቶ ሰላም ይላችኋል። የጠራው የሌላ ሰው ስም ከሆነ ችግሩን አገኛችሁት።

አዲሱ ባልደረባ የመጀመሪያ ቀን አንዲት መስመር ጽፎ በራሱ ብራንች ላይ ፑሽ ያድርግ። ያ ከሠራ ሌላው ሁሉ ይሠራል።

አንድ ነገር ላይ ግን አትታለሉ። ዋናው ብራንች ላይ ማንም በቀጥታ እንዳይጽፍ የሚከለክለው መቆለፊያ በግል ሪፖ ላይ በነጻ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 ጊትሃብ የቡድን ክፍያውን በሰው በወር ከ9 ወደ 4 ዶላር አውርዶታል፤ ለአራት ሰው ግን ያም ተደምሮ ገንዘብ ነው። እስክትከፍሉ ድረስ በቃል ተስማሙ፦ ሁሉም በየራሱ ብራንች ይሠራል፣ በፑል ሪኩዌስት ይልካል፣ ሌላ ሰው ሳያየው አይዋሃድም። አፍርሶ የተገኘ ሰው ላይ ምን እንደምታደርጉም አብራችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ የማውቀው መፍትሔ ሻይ ማስከፈል ነው።

ሰርቨሩስ? ለሰርቨር የሰው አካውንት አትስጡ። ዲፕሎይ ኪይ የሚባለው ቁልፍ ለአንዲት ሪፖ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ለማንበብ ብቻ አድርጋችሁ ክፈቱለት። አንድ ሰው ከቡድኑ ሲወጣ ሰርቨሩ አብሮት አይወድቅም።

ኢንተርኔት ሲጠፋ

በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ ከድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ሄሉ ያለው ልጅ በኬንያ ኔትወርክ ሥራውን ይቀጥላል፣ ማዶ ያለችው ጓደኛው ግን ትቆማለች። መቆም የለባትም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን ሲሠራው እያንዳንዱ ላፕቶፕ ሙሉውን ታሪክ እንዲይዝ አድርጎ ነው፤ መሐል ያለ ሰርቨር የግድ አይደለም።

ጊት በንድል የሚባል ትእዛዝ አለ። ሪፖውን ከነታሪኩ ወደ አንድ ፋይል ይጠቀልለዋል። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ትወስዱላታላችሁ፤ እሷ ከፋይሉ ላይ ልክ ከሰርቨር እንደምትስብ አድርጋ ፑል ታደርጋለች፣ የራሷንም ሥራ በዚያው መንገድ ጠቅልላ ትመልሳለች። በኅዳር 30፣ 2013 የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ፍላሹን የሚጠይቃችሁ ሰው ባይኖርም፣ እናንተ ልትጠነቀቁለት ይገባል፤ በንድል ላይ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፣ ፍላሹን ያገኘው ሁሉ ኮዱን ከነታሪኩ አገኘ። ፋይሉን በፓስወርድ ቆልፉ፣ ፓስወርዱን በስልክ ንገሯት።

ሰው ሲወጣ

ሲለያዩ መጣላት ግድ አይደለም፤ ናይሮቢ ያለው ሥራ ያገኛል፣ አዲስ አበባ ያለችው ትምህርት ትጀምራለች። የሚወጣውን ሰው ዛሬ ንገሩት፣ ዛሬ አስወጡት። መንገዱ የመጣችሁበት ነው፦ ሴቲንግስ፣ ኮላቦሬተርስ፣ ሪሙቭ። ጊትሃብ ላይ ያለው የዚያ ሰው የግል ፎርክ፣ ማለትም ከሪፖው የቀዳው የራሱ ቅጂ፣ አብሮ ይጠፋል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ቅጂ ግን ይቀራል፤ ያንን ማንም መልሶ ሊወስድ አይችልም። ስለዚህ በማግስቱ የሚቀየሩት ነገሮች ዝርዝር በእጃችሁ ይኑር፦ የዳራጃ ቁልፎች፣ የቴሌብር ቁልፎች፣ የዳታቤዙ ፓስወርድ፣ የሰርቨሩ መግቢያ። ይህን ዝርዝር ሰው ሲወጣ ሳይሆን የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ጻፉት፤ ሲወጣ የሚያስታውሰው የለም።

የሚወጣው ሰው ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ምትኩን ኦውነር አድርጉ፤ አዲሱ ሰው ገብቶ የባለቤቱን ሴቲንግስ በዓይኑ ይይ፣ ሪከቨሪ ኮዶቹንም ያስቀምጥ። ከዚያ ነው አሮጌው የሚነሣው። ካርዱ በእሱ ስም ከነበረ ክፍያው ከሚታደስበት ቀን በፊት ቢሊንግ ማናጀሩ ሌላ ካርድ ያስገባ።